ባሕሩ እስከ ጉልበት ነው

ግሬኖብል፣ ግንቦት 12 ቀን 1996

ይድረስ ለእናቴ እህት፣ ለእኔም እንደ እናት ለሆኑኝ ለአክስቴ ሳሎሃ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ይህ ደብዳቤ እርስዎንና አጎቴን ላዝሃርን በጤና ያግኛችሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የመንደራችንን የአታያን ሰው ሁሉ፣ ጎረቤቶቻችንን በየስማቸው ሰላም በሉልኝ።

ኢነስ ዐሥር ዓመት ሞላት። በሒሳብ ከክፍሏ አንደኛ ናት። መዋኘትም ተምራለች፤ ባለፈው ወር ከሠፈሩ ልጆች ጋር ተወዳድራ ዋንጫ ይዛ ገባች። ቁመቷ ትከሻዬ ደርሷል። ጸጉሯ የእናቴ ነው፤ ማበጠሪያ ይሰብራል። ያሲርም ደህና ነው፤ ስድስት ዓመት ሆነው።

አክስቴ፣ የምጽፍልዎ ለአንድ ጉዳይ ነው። በዘንድሮው የበጋ ዕረፍት ልጆቹን ይዤ ወደ ደሴታችን ልመጣ አስቤያለሁ። እናቴን ከቀበርን ወዲህ አልረገጥኳትም፤ ኢነስ ያኔ ጡት ትጠባ ነበር። በየዓመቱ የምንሄደው ሞናስቲር ከተማ፣ ከባሌ ከኒዛር ቤተሰቦች ዘንድ ነው። እዚያ ወንድሙ የሚሠራበት ሆቴል አለ፤ መዋኛ ገንዳ አለው፤ ልጆች ከላይ እየተንሸራተቱ ውኃ ውስጥ የሚወድቁበት ረጅም ቱቦ አለው። የደሴታችንን የቀርቀናን ነገር ሳነሳበት ኒዛር፣ «እዚያ ልጆች ምን ይሠራሉ? ድንጋይ ይቆጥራሉ?» አለኝ። እኔ እዚያ ተወልጄ አድጌ፣ ልጅ ሆኜ ቀኑን ሙሉ ምን እሠራ እንደነበር ለባሌ ማስረዳት አቃተኝ። እስቲ እርስዎ ይጻፉልኝ። ልጆች ከቤተሰባቸው ጋር መጥተው ደስ የሚሰኙበት ምን አለ?

የቤት ሥራዋን ትታ ብዕር የምትይዝልኝ አክስት ስላለችኝ አላህን አመሰግናለሁ።

ልጅዎ ራድያ


አታያ፣ ቀርቀና፣ ሰኔ 2 ቀን 1996

ለእህቴ ልጅ ለራድያ፤

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስሽ፤ አላህ ቤትሽን ከነሰው ይጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ከጉልበቴ በቀር። ላዝሃርም ደህና ነው፤ ከአፉ በቀር።

ደብዳቤሽን ሳነብለት የባልሽ ቃል ላይ ስደርስ መረብ መጠገኑን አቆመና፣ «ድንጋይ? የቱን ድንጋይ? አንድ ደህና ድንጋይ ብናገኝማ ቤት እንሠራበት ነበር» አለ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ለሚያገኘው ሰው ሁሉ ሲያወራ ዋለ። አሁን አታያ ውስጥ ባልሽን የማያውቅ ሰው የለም።

እንግዲህ እንዲህ በይው። ሞናስቲር ገንዳ አላት፤ እኛ ባሕር አለን። ያውም ጠባዩ የልጅ ሞግዚት የሆነ ባሕር። አንድ ልጅ ከደጃፌ ወርዶ ወደ ውስጥ ቢሄድ፣ ቢሄድ፣ ቤቴ የክብሪት ቀፎ አክሎ እስኪታየው ቢርቅ፣ ውኃው ገና እስከ ጉልበቱ ነው። እናት ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ ሽንኩርት እየከተፈች ባሕር ውስጥ ያለ ልጇን በዓይኗ የምትጠብቅበት ሌላ አገር ካለ ይጥራልኝ።

ጠዋት ከላዝሃር ጋር በባለሸራው ጀልባ ይወጣሉ። ኦክቶፐስ የምንይዝባቸውን ትንንሽ ማሰሮዎች በገመድ ይጎትታሉ። ኦክቶፐስ ጠባብ ቤት ስለሚወድ ራሱ ገብቶ ይተኛል፤ ሲያወጡት የሚያሳየውን ቁጣ አይቶ የማይስቅ ልጅ አልተወለደም። ሸርፊያውንም ያያሉ። ልጆችሽ አያውቁትምና ንገሪያቸው፤ በባሕሩ ወለል ላይ የዘንባባ ዝንጣፊ እየተከልን የምናቆመው ረጅም አጥር ነው፤ ዓሣው አጥሩን ተከትሎ ሄዶ ሄዶ መጨረሻው ላይ ካለችው ክፍል ይገባል። ዓሣውን የሚያባርረው የለም፤ በገዛ እግሩ ይመጣል። «ዓሣ እግር የለውም» አለኝ አሁን ላዝሃር ከጎኔ ሆኖ። አፉ አልዳነም ብዬሻለሁ።

ማታ ሰርግ ነው። በሐምሌና በነሐሴ በየቤቱ ሰርግ አለ፤ ከበሮ መቺዎቻችን ቀይ ልብሳቸውን ለብሰው በየመንገዱ ሲዞሩ ልጅ ሁሉ ከኋላ ይከተላል። ከባሕሩ ማዶ ስፋቅስ ከተማ ድረስ እየተለመኑ የሚወሰዱ ከበሮ መቺዎች ናቸው፤ እኛ በነጻ ነው የምንሰማቸው።

አንድ ነገር ብቻ። ስለ ኢነስ ከዋንጫዋ እስከ ጸጉሯ ጻፍሽልኝ። ስለ ያሲር «ደህና ነው» አልሽ። ስድስት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ፣ ለአክስት የሚነገር አንድ ጥፋት እንኳ የለውም?

አክስትሽ ሳሎሃ


ግሬኖብል፣ ሰኔ 16 ቀን 1996

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ፤

አላህ ለእጅዎ ብርታት፣ ለጉልበትዎ ምሕረት ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ለኢነስ ሳነብላት ስለ ኦክቶፐሱ ሦስቴ አስደገመችኝ። ኒዛርም ሲስቅ ሰማሁት፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነው የሳቀው።

ጥቂት ነገር ልጠይቅዎ፤ እንዳይታዘቡኝ። ከቤትዎ ከኋላ በኩል ያለችው ክፍል አሁንም አለች? በሯ ይዘጋል? የሰርጉ ከበሮ እዚያ ውስጥ ሆኖ ይሰማል? ሰርግ የሌለበት ሳምንት ካለ የትኛው እንደሆነ ቢጽፉልኝ። ደግሞ ጎረቤት እንግዳ መጣ ሲባል ቤቱን እንደሚሞላው አውቃለሁ፤ መድረሳችንን ለማንም ባይነግሩስ? ልጆቹ ዓሣ የግድ መብላት አለባቸው? አንዳንድ ልጅ ነጭ ሩዝና ዳቦ ብቻ ይበላል። ስፋቅስ ሳንሄድ እዚያው ደሴቲቱ ላይ ሐኪም አለ?

ብዙ ጠየቅኩ። ልምጣም አልምጣም ገና አልቆረጥኩም።

ራድያ


አታያ፣ ሐምሌ 4 ቀን 1996

ለልጄ ለራድያ፤

የአላህ ሰላም በአንቺና በልጆችሽ ላይ ይሁን። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰነበተ። መልስ ያዘገየሁት ጉልበቴ አሞኝ አይደለም። ብዕሩን አነሳና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። በመጀመሪያው ደብዳቤሽ ልጆች የሚደሰቱበትን ጠየቅሽኝ፤ በሁለተኛው ደግሞ የሚዘጋ በር። እኔ አምስተኛ ክፍል ድረስ ብቻ ነው የተማርኩት፤ ይሁን እንጂ አራት ልጅ አሳድጌያለሁ።

ስለዚህ አልጠይቅሽም። የጠየቅሽኝን ብቻ እመልሳለሁ።

ክፍሏ አለች። ላዝሃር የበሯን ማጠፊያ ዘይት ቀብቶ አሁን ያለ ድምፅ ትዘጋለች። ከበሮው ይሰማል፤ ልዋሽሽ አልችልም፤ በዚህ ደሴት ላይ ከበሮ የማይሰማበት ቤት ባለቤቱ የሞተበት ብቻ ነው። ነገር ግን ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ወሩ መጨረሻ በእኛ በኩል ሰርግ የለም። ሩዝ ሞልቶናል። ሐኪሙ ያለው እዚሁ ደሴቲቱ ላይ፣ ረምላ ነው፤ ቅርብ ነው። መምጣታችሁንም ለማንም አልናገርም ብዬ ለላዝሃር ነገርኩት። እሱም ለማንም እንዳይናገሩ አደራ እያለ ለመንደሩ ሁሉ ነገረ። ምን ላድርግ?

የምትፈሪውን ነገር ይዘሽው ነይ። እዚህ ቦታ አለው።

ሳሎሃ


ግሬኖብል፣ ሐምሌ 12 ቀን 1996

አክስቴ ሳሎሃ፤

ሰላምታዬ ይቅደም። ያለፈውን ደብዳቤዎን የሥራ ቦታዬ፣ የአረጋውያኑ ቤት ማዕድ ቤት ውስጥ ቆሜ ነው ያነበብኩት። አብራኝ የምትሠራው ሴት እንባዬን አይታ ሽንኩርት ነው ብላ ተወችኝ።

ያሲር አይናገርም፤ አንድም ቃል። ጆሮው ይሰማል፤ እንዲያውም ከእኛ ይልቅ ይሰማል፤ ከፍ ያለ ድምፅ ሲመጣ ጆሮውን ይዞ ይጮኻል፤ አንዳንዴ ይሮጣል። ስሙን ሲጠሩት ዞር አይልም። ሐኪሞቹ ስም ሰጥተውታል፤ መድኃኒት ግን የለውም አሉን። ደስ ሲለው አፉን ሳይከፍት ያንጎራጉራል፤ አንዲቱን ዜማ ብቻ።

ሞናስቲር ባለፈው ዓመት እንግዳ በመጣ ቁጥር የኒዛር እናት ያሲርን ወደ ላይኛው ፎቅ እንዳወጣው ትነግረኝ ነበር። ኒዛር ምንም አይልም። ልጁን ይወደዋል፤ ማታ አጠገቡ ነው የሚተኛው። ሰው ፊት ሲሆን ግን «ይህቺ ልጄ ኢነስ ናት» ይልና እዚያው ያቆማል። ዘንድሮ እዚያ ፎቅ አልወጣም ብዬ ማልኩ።

ቅዳሜ ሳምንት በከሰዓቱ መርከብ እንደርሳለን። ኒዛር አይመጣም። የእኔም የዕረፍት ፈቃድ አጭር ናት።

ራድያ


አታያ፣ ነሐሴ 3 ቀን 1996

ለልጄ ለራድያ፤

መርከቡ ላይ ቆመሽ ስታለቅሺ አይቼሻለሁ፤ ያላየሁ መስዬ እጄን ሳወዛውዝ ነበር። አሁን በሰላም ገብተሽ ሥራ ጀምረሻል ብዬ አምናለሁ።

ልጆቹን እዚህ እስከ ወሩ መጨረሻ ማቆየትሽን ጎረቤቶች ሲሰሙ፣ «እንዴት ሆዷ ቻለ?» አሉኝ። እኔም፣ «ልጁ የላዝሃርን ሸሚዝ ጨብጦ አልለቅም ሲል የእናቱ ሆድ ምን ያድርግ?» አልኳቸው። ያን ዕለት «ልተወው ይሆን?» ብለሽ ስትጠይቂኝ ፊትሽ ላይ ያየሁትን ለማንም አልናገርም።

አሁን ወሬውን ስሚ። ያሲር ጠዋት ሲነሳ ማንንም አይጠብቅም፤ በቀጥታ ወደ ውኃው ነው። ኢነስና ላዝሃር ከኋላ ይሄዳሉ። ባሕሩ ሲሸሽ የአምናው ሸርፊያ ርዝራዥ ብቅ ይላል፤ ግማሹ ወድቋል፤ ግማሹ ዘሟል። ያሲር የዘመመችውን ዝንጣፊ ሲያይ ቆሞ ያቀናታል። ቀጥሎ ያለችውን ያቀናል። እንዲህ እያለ መስመሩን ይዞ ይሄዳል። ካልቀናች አያልፋትም። እንጉርጉሮውን ከደጄ ሆኜ እሰማዋለሁ።

ላዝሃር ቀኑን ሙሉ ያወራዋል። ስለ ነፋስ፣ ሙሌት ስለሚባለው ዓሣ፣ ስለ ሟች አባቱ፤ ከተጋባን ጀምሮ ለእኔ ነግሮኝ የማያውቀውን ሁሉ። ትናንት፣ «ምነው ለእኔ እንዲህ አውርተህልኝ አታውቅ?» ብለው፣ «አንቺ ታቋርጪኛለሽ» አለኝ።

የመንደሩ ልጆች መጀመሪያ ከበቡት። የጎረቤታችን የዱጃ ልጅ፣ «ይሄ ልጅ ለምን አያወራም?» ብላ ኢነስን ጠየቀቻት። ኢነስም፣ «አንቺስ ለምን ዝም አትዪም?» አለቻት። አሁን ሁለቱ የማይለያዩ ጓደኞች ናቸው። ልጅሽ በአፏ ነገር ላዝሃርን ሳይሆን እኔን ነው የመሰለችው።

ዓሣ በላ። እኔ አልሰጠሁትም፤ ከላዝሃር ሳህን ላይ አንስቶ ነው የበላው። ይህን ለባልሽ ንገሪው።

ሳሎሃ


ግሬኖብል፣ ነሐሴ 10 ቀን 1996

ይድረስ ለአክስቴና ለአጎቴ፤

አላህ ዕድሜያችሁን ያርዝምልኝ። ዓሣውን ለኒዛር ነገርኩት። ሹካውን አስቀምጦ፣ «የትኛውን ዓሣ?» አለኝ፤ የትኛው እንደሆነ ይጻፉልኝ። ከዚያ ደግሞ ተቆጣ። «ልጄን ሰው ዘንድ ጥለሽ መጣሽ» አለኝ። ሰው አይደሉም፣ ቤተሰቤ ናቸው አልኩት። አሁን ብዙም አንነጋገርም። ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ እኔ ለካ ያንን እንጉርጉሮ እየሰማሁ ነበር የምተኛው።

አክስቴ፣ አንድ ነገር ቃል ይግቡልኝ። ክፉም ይሁን ደግ፣ ከያሲር ነገር ምንም እንዳይደብቁኝ። እንዳልጨነቅ ብለው አንዳች ነገር ቢያስቀሩብኝ፣ ካሁን በፊት የጻፉልኝን ደግ ነገር ሁሉ ማመን ያቅተኛል።

ልጅዎ


አታያ፣ ነሐሴ 19 ቀን 1996

ለልጄ ለራድያ፤

ከሁሉ በፊት፤ ያሲር ደህና ነው። አሁን ይህን ስጽፍ ከአጠገቤ ምንጣፍ ላይ ተኝቶ ያንኮራፋል። ይህን ይዘሽ ሌላውን አንብቢ።

ደብዳቤሽ በደረሰ ማግስት የመንደራችን ሰው የበሺር ልጅ ሰርግ ነበር። ከበሮው በእኛ በኩል እንዳያልፍ ለበሺር ነግሬው፣ እሺ ብሎኝ ነበር። ነገር ግን ሙሽራዋን የሚያመጡት ሰዎች ከክራተን መንደር ናቸው፤ አልሰሙም። ከቤቴ ጥግ ሲደርሱ ድንገት ሁሉም ከበሮ በአንዴ ጀመረ። እኔ ለኩስኩሱ ውኃ ላመጣ ወጥቻለሁ፤ ላዝሃር ጀልባው ዘንድ ነው። ስመለስ የኋለኛዋ ክፍል በር ተከፍቷል። ልጁ የለም።

ጮኽኩ። ላዝሃር ሮጦ መጣ፤ ኢነስም ከዱጃ ቤት መጣች። «ወደ ባሕሩ ነው» አለች ኢነስ ወዲያው። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር፤ ባሕሩም እየተመለሰ ነበር። ራድያ፣ እስከ ጉልበት ነው ብዬ የኮራሁበት ባሕር፣ ሲመለስ ለረጅም ሰው እንኳ ከጉልበት ያልፋል። ለስድስት ዓመት ልጅ ሌላ ነው።

በሺር የሰርግ ልብሱን እንደለበሰ ባሕሩ ውስጥ ገባ። ከበሮ መቺዎቹ፣ ዘመዶቹ፣ ሴቶቹ ቀሚሳቸውን እየሰበሰቡ ገቡ። ሙሽራዋም ገባች፤ በወርቅ ክር የተጠለፈ ልብሷን ይዛ። እናቷ፣ «አንቺ ልጅ፣ ልብሱ ይበላሻል» ስትላት፣ «ይበላሽ» አለቻት። ሰው ሁሉ ጎን ለጎን ተሰልፎ እየጠራ ወደ ውስጥ ይሄዳል፤ «ያሲር! ያሲር!» ይላል።

ኢነስ ናት ያስቆመቻቸው። ላዝሃር ትከሻ ላይ ወጥታ፣ «ዝም በሉ!» ብላ ጮኸች። «ሲጠሩት አይመጣም። ድምፅ ሲበዛ ይሸሻል። ዝም በሉና ስሙት፤ እሱ ያንጎራጉራል።»

የሰርግ ሰው በሙሉ ውኃ ውስጥ ቆሞ ዝም አለ። አታያ እንዲህ ጸጥ ብላ አላውቅም። የውኃው ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ ከሩቅ፣ ከሸርፊያው በኩል፣ ያችን ዜማ ሰማናት።

የአጥሩን መስመር ይዞ እስከ መጨረሻ ሄዷል። ዓሣ ከሚገባባት ክፍል ደርሶ፣ የቀሩትን ዝንጣፊዎች አቅፎ ቆሟል። ውኃው ደረቱ ላይ ነው። ላዝሃር ሊያነሳው እጁን ሲዘረጋ እንቢ አለ። ስለዚህ ላዝሃር አጠገቡ ቆመና ጀርባውን ሰጥቶት ዝም አለ፤ ያ ሰው ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶ ያሲር ሸሚዙን ያዘ፤ ከዚያም ራሱ ጀርባው ላይ ወጣ። እንዲህ ተሸክሞት ሲመጣ ማንም አላጨበጨበም፣ ማንም እልል አላለም። ልጁ እንዳይደነግጥ ብለው ነው። መንገድ ለቀውላቸው ዝም ብለው ብቻ አሳለፏቸው። ከነሙሽራዋ።

ሰርጉ ቀጠለ። ከበሮ መቺዎቹ ከበሯቸውን ተሸክመው በእግራቸው እስከ መንደሩ ሌላ ጫፍ ሄዱና እዚያ ጀመሩ። ማንም እንዲህ አድርጉ አላላቸውም። እኔ ስለ ደሴታችን ብዙ እኮራለሁ፤ ታውቂኛለሽ፤ የምኮራበትን ነገር ግን እስከዚያ ቀን ድረስ አላየሁትም ነበር።

ይህን ለመጻፍ ቀናት ፈጀብኝ። እንዳልደብቅሽ ቃል አስገብተሽኛል። በሩን ክፍት ትቼ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ የምትይኝን ሁሉ እቀበላለሁ።

ሳሎሃ


ግሬኖብል፣ ነሐሴ 24 ቀን 1996

አክስቴ፤

ሰላምታ ለመጻፍ እጄ እንቢ አለኝ፤ ይቅር ይበሉኝ።

መጀመሪያ ሳነበው ልቀደው ነበር። ተቆጥቼዎታለሁ፤ አልደብቅዎትም። ደግሜ ሳነበው ሰው ሁሉ ውኃ ውስጥ ዝም ያለበት ላይ ስደርስ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ለእሱ ሲል ዝም ብሎ አያውቅም። እስከዛሬ ዝም እንዲል የሚፈለገው እሱ ነበር።

ኒዛር ከሥራ ሲገባ አገኘኝና ደብዳቤውን ከእጄ ወስዶ አነበበ። ጓዳ ገብቶ ሻንጣ አወጣ። ከአሠሪው ፈቃድ ለምኖ ዛሬ ወደ ማርሴይ ሄዷል፤ ከዚያ በመርከብ ይሻገራል። «ልጆቼን አመጣለሁ» ነው ያለኝ። ምን ዓይነት ፊት ይዞ እንደሚደርስባችሁ አላውቅም። አጎቴ እንዳይቀየሙት።

ራድያ


አታያ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 1996

ለልጄ ለራድያ፤

የአላህ ሰላምና በረከት በቤትሽ ይግባ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከባልሽ በኋላ ነው። ስለዚህ ሳንዘጋጅ ነው የመጣብን።

ሲደርስ እኔ ደጃፍ ላይ ነበርኩ። አቧራ የጠጣ ልብስ፣ ጥሩ የከተማ ጫማ። «አክስቴ፣ ልጆቹን ልወስድ ነው የመጣሁት» አለኝ፤ ሰላምታ እንኳ ሳይጨርስ። «ደግ» አልኩት፤ «መርከቡ ግን ነገ ከሰዓት ነው። ግባና ብላ።» አልበላም። ያሲርን ሲጠራው እንደ ወትሮው ዞር አላለም፤ ግን መጥቶ ከአጠገቡ ተቀመጠ። ባልሽ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እንደምታውቂው፣ እንዲህ የሚያደርገው ሲስቅ ብቻ አይደለም።

በማግስቱ ላዝሃር በጠዋት ተነስቶ ዝንጣፊውን በጀልባ ጫነ። የሸርፊያ ተከላ በመስከረም መጨረሻ ነው፤ ሰው ሁሉ፣ «ላዝሃር አረጀ፤ ወሩ ጠፋበት» እያለ ሲስቅበት ሰንብቷል። እሱ ግን ልጁ ሳይሄድ አንዲት ረድፍ አብረን እንተክላለን ብሏል። ለባልሽም፣ «ትመጣለህ ወይስ እዚያ ቆመህ ድንጋይ ትቆጥራለህ?» አለው። አፉን ላዳምጠው እንጂ ምን ላድርገው? ባልሽ ጫማውን አወለቀ።

እኔም ተከትዬ ሄድኩ፤ ጉልበቴን ረስቼው። ያሲር ከጀልባው ጎን ቆሞ ዝንጣፊ ያቀብላል። ላዝሃር አሸዋው ውስጥ ይተክላል፤ ያሲር ያየዋል። ካልቀና በእጁ ይገፋዋል፤ ላዝሃር ነቅሎ እንደገና ይተክላል። ባልሽ መጀመሪያ ዳር ቆሞ ነበር። ከዚያ አንዲቱን አንስቶ ተከለ። ያሲር መጥቶ አያት፤ ገፋት። ባልሽ ነቅሎ እንደገና ተከላት። ልጁ ደግሞ ገፋት። እንዲህ ስንቴ እንደተደጋገመ አላውቅም። በመጨረሻ ያሲር ሳይገፋት አለፈና ማንጎራጎር ጀመረ። ባልሽ ውኃው ውስጥ እንደቆመ ክንዱን ዓይኑ ላይ አደረገ። ላዝሃርም ስለ ነፋሱ ሊያወራ ጀምሮ ተወው።

ረድፏ ቆማለች። ከደጃፌ ትታየኛለች። ከሁሉም ቀጥ ያለች ናት፤ ጎረቤቶች ሳይቀሩ አምነዋል።

በከሰዓቱ ሲዲ ዩሱፍ ወደብ አደረስናቸው። መርከቡ ዘግይቶ ስለነበር ወንዶቹ በሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከስፋቅስ የመጡ ነጋዴዎችም አሉ። ኢነስ ከዱጃ ልጅ ጋር ተቃቅፋ ታለቅሳለች። ያሲር የወደቡን ሰንሰለት እያየ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ድምፁንም ከፍ አድርጎ ያንጎራጉራል። አንድ ነጋዴ ዞር ብሎ ሲያየው ቆየና፣ «ይሄ ልጅ የማን ነው?» አለ።

ልመልስ አፌን ስከፍት ባልሽ ተነሳ። ሄዶ የልጁን ትከሻ ያዘና ሰዎቹ ወደተቀመጡበት ይዞት መጣ።

«የእኔ ልጅ ነው» አለ። «ያሲር ይባላል። አይናገርም። አታያ ላይ ዘንድሮ መጀመሪያ የቆመውን ሸርፊያ አጎቴን ላዝሃርን ረድቶ የተከለው እሱ ነው።»

ሰውየው ለያሲር ቦታ ለቀቀለት።

ላዝሃር ግን ስኒውን አስቀምጦ፣ «ተሳስተሃል» አለ፤ «የረዳሁት እኔ ነኝ።»

አክስትሽ ሳሎሃ